የአባ አትንኩት የመጨረሻ ሐተታ

አባ አትንኩት ሞተው የተገኙት ስቱዲዮ ውስጥ፣ ማይክሮፎናቸው ፊት፣ ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፍተው ነው። መጀመሪያ ያየቻቸው አቅራቢዋ እንቅልፍ የጣላቸው መስሏት ሳቀች። በሥራ ላይ አንድም ቀን አንቀላፍተው ስለማያውቁ ዛሬ ገና የምቀልድባቸው ነገር አገኘሁ ብላ ትከሻቸውን ነቅነቅ አደረገች። ከዚያ በኋላ የጮኸችው ጩኸት ወፍራሙን የስቱዲዮ በር አልፎ ኮሪደሩ ዳር ድረስ ተሰማ።

ሰውየውን የማያውቅ የለም። ምሳ ተበልቶ ሳይነሳ የሬዲዮ ድምፅ በየቤቱ ከፍ የሚለው ለእሳቸው የውጭ ጉዳይ ሐተታ ነበር። ቅጽል ስማቸውን ያወጣላቸው አድማጩ ነው። ሕጉ ይሻሻል ሲባል «አትንኩት!» ይላሉ። አያቶች የተፈራረሙት የድንበር ውል ይቀደድ ሲባል «አትንኩት!» ይላሉ። ከሩቅ አገር የመጡ አማካሪዎች የትምህርቱን ሥርዓት ከሥሩ እንገልብጠው ሲሉማ «በእናታችሁ አትንኩት! ያልገነባችሁትን ለማፍረስ ማን ፈቀደላችሁ?» ብለው ጠረጴዛ ደበደቡ። ወጣቱ አሮጌ ሣጥን ይላቸዋል። ግን ሣጥኑ ሲከፈት ጆሮውን የማይቀስር ወጣት አልነበረም።

በዚያ ሳምንት የጎረቤት አገር ወታደሮች የወንዙን ድልድይ ተሻግረው የኬላውን ባንዲራ አውርደዋል። ምክር ቤቱ በማግስቱ ሊሰበሰብ ነው። ጦርነት ይታወጅ ወይስ በውሉ መሠረት ይነጋገሩ የሚለው ጉዳይ አገሩን ለሁለት ከፍሎት፣ አባ አትንኩት ምን ይላሉ እየተባለ ሲጠበቅ፣ ሰውየው ሳይናገሩ ሞቱ። እንግዲህ ጉድ ማለት ይህ ነው።

የፖሊስ አዛዡ የጠራው እትዬ ለምንን ነው። ጡረታ ለመውጣት የተቃረቡ መርማሪ ናቸው፤ ስሙ የወጣላቸው ሰላምታ ሲሰጧቸው እንኳ «ለምን?» ሳይሉ አያልፉም ተብሎ ነው።

«እትዬ፣» አለ አዛዡ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከላይ መግለጫ ተዘጋጅቷል። ‹የጎረቤት እጅ ነው የገደላቸው› ይላል። በማታው ዜና ይነበባል።»

«ለምን? ማስረጃ ተገኘ?»

«ማስረጃ ማን ጠየቀ? ይህ ከተነበበ ነገ ምክር ቤቱ ምን እንደሚወስን እኔ አልነግርዎትም። ልጆቹ ይዘምታሉ። ከዜናው በፊት ገዳዩን ካላገኙልኝ አለቀልን።»

እትዬ ለምን ወደ ጣቢያው ሲሄዱ ወታደር የጫኑ መኪናዎች መንገዱን ዘግተውባቸው ቆሙ። ልጆቹ ይዘፍናሉ። ጢማቸው ገና ያልወጣ፣ የራስ ቁሩ እስከ ቅንድባቸው የወረደባቸው ልጆች ናቸው። እትዬ ለምን ልጆቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። «አምላኬ፣ ዛሬን ብቻ አእምሮዬን አትንሳኝ» አሉ።

ስቱዲዮው ውስጥ ሐኪሙ ፔርሙዙን አፍንጫው ሥር ይዞ ጠበቃቸው።

«ሙቅ ውኃ በማር ነው፤ ለድምፃቸው ይጠጡታል» አለ። «የእንቅልፍ ክኒን ተፈጭቶ ገብቶበታል። መጠኑ ጤነኛ ሰው ቢጠጣው እስከ ማታ አንቀላፍቶ የሚነሳበት ነው። እሳቸው ግን ልባቸው ደካማ ነበር፤ አልቻለውም።»

«ልባቸው ደካማ መሆኑን ማን ያውቅ ነበር?»

«ከእኔ በቀር ማንም። እንዳልናገር አስምለውኛል። ‹የታመመ ሽማግሌን ምክር ማን ይሰማል?› ይሉኝ ነበር።»

እትዬ ለምን ፔርሙዙን አገላብጠው አዩት። ሊገድል የፈለገ ሰው ክኒን አይቆጥብም። ይህ ሰው ያሰበው ለማስተኛት ነው። ታዲያ አንድን ሽማግሌ ከምሳ በኋላ ለማስተኛት ምን አስጨነቀው? መልሱ አንድ ብቻ መሰላቸው፤ ሐተታው እንዳይተላለፍ ነዋ!

ፔርሙዙ ከጠዋት ጀምሮ በሰውየው ቢሮ ደጃፍ፣ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቆመው። በዚያ በኩል የሚያልፉት ደግሞ አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁ፣ የፕሮግራሙ አዘጋጅ፣ አቅራቢዋና ተርጓሚዋ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ግንባሩን ይጠርጋል። መግለጫው ፊቱ ተዘርግቷል።

«ዛሬ ምን ሊናገሩ እንደነበር ያውቁ ነበር?» አሉት እትዬ ለምን።

«ያው… ለአገር የማይበጅ ነገር።»

«ማለት?»

«ጦርነቱን ሊቃወሙ ነዋ! ከላይ ተደውሎልኛል። እንዳይተላለፍ ተብያለሁ።»

«እና ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ? ጠዋት ለመቀስ ነገርኩት። ‹ሰውየው አፋቸውን ሲከፍቱ መስመሩን ቁረጥና የማርሽ ሙዚቃ አሰማ› አልኩት።» ከዚያ በተማጽኖ አያቸው። «እኔ የአራት ልጆች አባት ነኝ፣ እትዬ። የታዘዝኩትን እንጂ የማምንበትን ሠርቼ አላውቅም።»

«ይህንንስ ደህና አድርጌ አምኜዎታለሁ» ብለው ወጡ።

መቀስ የሚባለው አዘጋጁ ነው። የሰው ንግግር እየቆረጠ የኖረ ስለሆነ የወጣለት ስም ነው። ከሲታ፣ ቀልደኛ ሰው ነበረ፤ ዛሬ ግን ቀልዱ ከአፉ አልወጣ ብሎ ከንፈሩን ይነክሳል።

«አዎ፣ ታዝዣለሁ» አለ። «ልቆርጣቸው ነበር። የስንት ዘመን ጓደኛዬን ልቆርጥ ነበር! ሞት ቀደመኝ እንጂ።»

«ዛሬ ምን ሊሉ ነበር?»

«ምን ይላሉ? ‹አትንኩት!› ነዋ። ውሉን አትንኩት፣ ልጆቹን አትንኩት።»

«ነግረውህ ነው?»

«መች ይነግሩኛል? ድምፃቸውን ሰምቼ ነው። ጠዋት እዚያ ቢሮ ውስጥ በዚህ በኩል ከጮኹ፣ ከሰዓት በዚያ በኩል እንደሚጮኹ አውቃለሁ። ጠዋት ሲጮኹ የሰማቸው ሰው ቢያምናቸው ይሳሳታል።» ይህን ብሎ ፊቱን አዞረ፤ ማልቀሱ እንዳይታይበት ነው።

እትዬ ለምን ይህን ንግግር ያዙት እንጂ ገና አልፈቱትም።

አቅራቢዋ ኮሪደሩ ላይ ወለል ላይ ተቀምጣለች። ሥራዋ ሽማግሌውን በየቀኑ መቃወም ነው። እሳቸው «ይቆይ» ሲሉ «ይለወጥ» ትላለች፤ አድማጭም ሁለቱ ሲናከሱ መስማት ይወዳል።

«ትጠያቸው ነበር ይባላል» አሏት።

«እኔ?» አለች እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ከሥራ ስንወጣ ማን ነበር ቤቴ ድረስ የሚሸኘኝ? አባቴ እንኳ እንደሳቸው አልተቆጣኝም።»

«ዛሬስ ልትጣሉ ነበር?»

«ዛሬማ ተስማምተን ነበር! ሁለታችንም ጦርነቱን እንቃወማለን። ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ይዘውኝ፣ ‹አንቺና እኔ ከተስማማን ዓለም ሊጠፋ ነው ማለት ነው፤ ንስሐ ግቢ› አሉኝ።» ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ወደ ልቅሶ ተለወጠባት። «‹ወግ አጥባቂ ማለት ያለውን የሚጠብቅ ነው። ካለን ነገር ሁሉ ውዱ ደግሞ እነዚያ ልጆች ናቸው› አሉኝ። ይህንኑ ነበር ሊናገሩት ያሰቡት።»

ተርጓሚዋ የመጨረሻዋ ናት። የጎረቤትን ሬዲዮ እያዳመጠች ወደ አገሩ ቋንቋ የምትመልስ፣ ገና በቅርቡ ከሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውራ የመጣች ሴት ናት። ጠረጴዛዋ ከአባ አትንኩት ቢሮ የሚለየው በስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ብቻ ነው። ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራለች። ዐይኗ ደም መስሏል።

«ልጅ አለሽ?» አሏት እትዬ ለምን ወንበር ስበው።

«አንድ። አንድ ብቻ።» አለች። «ድልድዩ ጋ ነው ያለው። ፊት ለፊት ነው የሰፈሩት። እኔ እዚህ ተቀምጬ እነዚያ ምን እንደሚሉ እሰማለሁ። ምን ያህል መድፍ እንዳቆሙ፣ ስንት ሰው እንዳመጡ፣ ሁሉን እሰማለሁ። ሰምቼም እተረጉማለሁ። እናት ይህን እንድትተረጉም ይደረጋል?»

«አይደረግም። እንቅልፍስ?»

«ከሄደ ጀምሮ ዐይኔ ተከድኖ አያውቅም።»

«ሐኪም የሚያስተኛ ነገር አላዘዘልሽም?»

«አዝዞልኝ ነበር። አልቋል።»

«እንዲያው ልጠይቅሽ፣ ሟቹ ዛሬ ምን ሊናገሩ ነበር?»

ሴትዮዋ ቀና አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ ቁጣ ታየ። «ጦርነት ነዋ! ጠዋት ሙሉ እየጮኹ ሲለማመዱ ሰምቻለሁ። ‹ድልድዩን በደም እናስመልሳለን፣ ደም ያልፈሰሰበት ድንበር ድንበር አይደለም› ይላሉ። እሳቸው ልጅ የላቸውም፤ የሰው ልጅ ይቀልባቸዋል። አገሩ ሁሉ እሳቸውን ነው የሚሰማው።» ወዲያው ደነገጠች። «ነፍስ ይማር» አለች በቀስታ።

እትዬ ለምን አመስግነው ተነሡ። ኮሪደሩ ላይ ብቻቸውን ሲሆኑ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ለጥቂት ጊዜ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ገዳዩን አግኝተዋል፤ ደስ ግን አላላቸውም። እንዲያውም ባላገኘሁት ኖሮ አሉ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አራቱንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰቧቸው። አስከሬኑ ተነሥቷል፤ ወንበሩ ባዶውን ቀርቷል፤ ማንም ሊቀመጥበት አልደፈረም። ሥራ አስኪያጁ መግለጫውን ጠቅልሎ ይዟል።

«የምናገረው አጭር ነው፤ ጊዜ የለንም» አሉ እትዬ ለምን። «አባ አትንኩትን የገደለ ሰው ሊገድላቸው አላሰበም። ክኒኑ ለማስተኛት የሚበቃ ብቻ ነው፤ ልባቸው ደካማ መሆኑንም ማንም አያውቅም። የተፈለገው ሐተታውን ማስቀረት ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ‹ሐተታውን ማን ፈራው?› ብዬ ነው። ሥራ አስኪያጁ ፈርተውታል።»

«እትዬ፣ እኔ…»

«ይጠብቁኝ። ፈርተውታል፤ ግን መስመሩ እንዲቆረጥ ጠዋቱን አዝዘዋል። መቁረጥ የሚችል ሰው ክኒን አይፈጭም። መቀስም መቀሱ በእጁ ነው፤ እሱም ክኒን አያስፈልገውም። አቅራቢዋ ደግሞ ሊናገሩት ያሰቡትን ሰምታ ተስማምታበታለች፤ የምትፈራው ነገር የላትም።» ወደ መቀስ ዞሩ። «አሁን አንተ ንገረን። ጠዋት ጠዋት ሟቹ በራቸውን ዘግተው ይጮሁ የነበረው ምንድን ነው?»

መቀስ ወደ ባዶው ወንበር አየ። «የሌላውን ሰው ሐሳብ ነው። ከማይስማሙበት ሰው በላይ አሳምረው እስኪናገሩት ድረስ የራሳቸውን መልስ አይጀምሩም። ‹የባላጋራህን ነገር ከእሱ አስበልጠህ መናገር ካልቻልክ ልትመልስለት አትችልም› ይላሉ። እንዲያው ጠረጴዛ እየደበደቡ፣ እምነታቸው አስመስለው ነው የሚጮኹት። እኛ ለምደነዋል።»

«እናንተ ለምዳችሁታል» አሉ እትዬ ለምን። «ሦስታችሁንም ‹ዛሬ ምን ሊሉ ነበር?› ብዬ ጠየቅኋችሁ። ሦስታችሁም ‹ጦርነቱን ሊቃወሙ ነበር› አላችሁኝ። አንድ ሰው ብቻ ‹ጦርነት ሊያውጁ ነበር› አለኝ። የጠዋቱን ጩኸት ያመነ አዲስ ሰው ነው፤ ልማዱን ማንም ያልነገረው። ያ ሰው እንቅልፍ አጥቶ የእንቅልፍ ክኒን ታዝዞለታል። ክኒኑ አልቋል፤ ዐይኑ ግን እስካሁን አልተከደነም። እሱ ካልዋጠው ማን ዋጠው?»

ማንም ወደ ተርጓሚዋ ሊያይ አልፈለገም። እሷ ግን የምትመለከተው አቅራቢዋን ነበር።

«ሊቃወሙ ነበር?» አለች። ድምፅዋ የሰው ድምፅ አይመስልም። «እውነትሽን ነው? ጦርነቱን ሊቃወሙ ነበር?»

አቅራቢዋ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ተርጓሚዋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ደረቷን አልመታችም፣ ፀጉሯን አልነጨችም። «ለልጄ አባት ሊሆኑለት ነበር፤ እኔ አስተኛኋቸው» አለች። «ዛሬን ብቻ ይተኙልኝ ብዬ ነበር። ዛሬን ብቻ! ነገ ምክር ቤቱ ይወስናል፣ ከዚያ ይናገሩ ብዬ… የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? እኔም የጨነቀኝ ነኝ።»

እትዬ ለምን ከአጠገቧ በርከክ አሉ፤ ጉልበታቸው እያመማቸው። 

መጀመሪያ የተናገረው ሥራ አስኪያጁ ነው። ጉሮሮውን ጠረገና፣ «መቼም… ነፍሰ ገዳይዋ ተገኘች። መልካም። ግን መግለጫው ከእኔ በላይ ነው። ካልተነበበ እኔ የለሁም» አለ።

እትዬ ለምን ስልካቸውን አንሥተው አዛዡ ጋ ደወሉ። ሁሉም ይሰማል።

«አገኘኋት። ጎረቤት አይደለም፤ የሠራተኛ ስሕተት ነው። መግለጫውን አስቁሙት።»

አዛዡ ትንሽ ቆየና መልሶ ደወለ። ድምፁ ያፈረ ሰው ድምፅ ነው። «ነገርኳቸው፣ እትዬ። ‹ለጊዜው ዝም በሉ፤ ከምክር ቤቱ በኋላ እናስተካክለዋለን› አሉኝ።»

«ከውሳኔው በኋላ? ለምን?»

«ይህን ለምን አይጠይቁኝ» ብሎ ዘጋው።

 በመስታወቱ ማዶ ዜና አንባቢው ወረቀቱን እያስተካከለ መቀመጫው ላይ ሲመቻች ይታያል። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው፤ ገደሉ ግን የሚጠብቀው ያዘዙትን ሳይሆን መኪና ላይ የሚዘፍኑትን ልጆች ነበር።

ተርጓሚዋ ከወለሉ ተነሣች። ወደ ባዶው ወንበር ሄዳ ቆመች።

«እኔ ልናገር» አለች።

«በፍጹም!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «በእኔ ጣቢያ ነፍሰ ገዳይ…»

«እሷ በሕግ ጥላ ሥር ናት» አሉ እትዬ ለምን፣ ጀርባቸውን በሩ ላይ አስደግፈው። «ቃሏን የምቀበለው እኔ ነኝ። የት እንደምቀበልም የምመርጠው እኔ ነኝ። እዚህ መርጫለሁ። እርስዎ መውጣት ከፈለጉ እኔን ረግጠው ይውጡ።»

«ከሥራ ይባረራሉ!»

«ያባሩኝ። ጡረታዬ ቢቀር አንድ ሰው ነው የሚራበው።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ መቀስ ዞረ። «አንተ! መስመሩን እንዳትሰጣት!»

መቀስ የዜና አንባቢውን መስመር ዘግቶ የዚህኛውን ስቱዲዮ ከፈተ።  አቅራቢዋ ሴትዮዋን ይዛ አስቀመጠቻት፤ ማይክሮፎኑንም ወደ አፏ አቀረበችላት።

ተርጓሚዋ ወደ እትዬ ለምን ዞረች። «እዚያ፣ ሰፈራቸው ውስጥ… ዜና ይሰማሉ?»

እትዬ ለምን ሊዋሿት ፈልገው ነበር። «ይሰማሉ፣ እህቴ» አሏት። «ሁሉም ይሰማሉ።»

ስርጭቱ መጀመሩን የሚያሳየው ቀይ መብራት በራ።

ሴትዮዋ ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጋች። ትንፋሿ ብቻ በአገሩ ሬዲዮ ሁሉ ተሰማ።

«የኔ ልጅ፣» አለች፣ «የኔ ጌታ፣ እዚያ ካለህ ሬዲዮኑን ዝጋልኝ። በእናትህ ሞት፣ ዝጋውና ወደ ውጭ ውጣ።»

እስኪዘጋው፣ ተነሥቶም እስኪወጣ ድረስ የሚበቃ ያህል ጠበቀችው። ከዚያ ዐይኗን ጨፍና፣ «አባ አትንኩትን የገደላቸው ጎረቤት አይደለም፤ እኔ ነኝ» አለች፤ እንዴት እንደሆነም ከመጀመሪያው ጀምራ ተናገረች።